ኮፈኑን ከፍታችሁ አቁሙ

ልጆቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አሮጌ መኪና ነው። መኪና የማይማርካችሁም ብትሆኑ ታገሡኝ። ሙያ የያዛችሁ፣ ወይም ሙያ ለመያዝ ደፋ ቀና የምትሉ ከሆነ ነገሩ ይመለከታችኋል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሞተር ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በልጅነቴ ጀመርኩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲሊንደር እየቦረቦርኩ፣ ክራንክ ሻፍት እየሞረድኩ ጡረታ ወጣሁ። በመሀል፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ፣ ያገኘሁትን የዕረፍት ቀን ሁሉ ያሳለፍኩት ሆት ሮድ በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ስለ ሥራዬ የማውቀውን ትልቁን ክፍል ያገኘሁት ከዚያ ነው። ኮፈኑን ከፍተው ከመኪናቸው አጠገብ ከሚቀመጡ ሰዎች።

ሆት ሮድን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አሮጌ መኪና ነው፤ ባብዛኛው ከ1949 በፊት የተሠራ፣ ባብዛኛው ፎርድ። ባለቤቱ ፈታትቶ፣ ክብደቱን ቀንሶ፣ ሞተሩን አጠንክሮ እንደገና የሠራው። ነገሩ የተጀመረው በ1930ዎቹ ደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ጊዜው የኢኮኖሚ ውድቀት ነበር፤ ወጣቱ ኪሱ ባዶ ነው። ግን ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ሠርቶ አገሩን አጥለቅልቆት ነበር። አሮጌው በጥቂት ዶላር ይገኛል። ልጆቹ ይገዙና ፓራፋንጎውን ይነቅላሉ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ያወልቃሉ። በ1932 ደግሞ ፎርድ ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ባለ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሞተር መኪና አወጣ። 65 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያን ሞተር ከዚያ ቀላል አካል ጋር ስታገናኙት ግን ሌላ ነገር ነው።

መሮጫቸው ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ያሉ የደረቁ ሐይቆች ነበሩ። ሙሮክ፣ ሮዛሞንድ፣ ኤል ሚራጅ። መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። በ1937 ክለቦቹ ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ ታይሚንግ ማኅበርን አቋቋሙ። ሰዓት የሚይዝ፣ ፍጥነት የሚለካ ማኅበር ነው። እስከ ዛሬም አለ።

ታሪኩን ላቁምና ወደ ራሴ ልምጣ።

ሙያ የለመድኩበት ጋራዥ ዋናው መካኒክ እጃቸው ወርቅ ነበር። ሞተሩን ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ። ካርቡራተር፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ሊያስተካክሉ ሲሉ ግን ወደ እኔ ዞረው «ሂድ ሻይ አምጣ» ይሉኛል። ሻዩን ይዤ ስመለስ ኮፈኑ ተዘግቷል። ክፋት አልነበረባቸውም። እሳቸውም ያደጉት እንደዚያው ነው። የሚያውቁት ነገር እንጀራቸው ነው፤ ለልጁ ካሳዩት ነገ ልጁ ጎናቸው ጋራዥ ሊከፍት ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ሰው በሥራው እንዳይመጻደቅ የተባለ ደግ አነጋገር ነው። እኛ ሠፈር ግን እውቀት መደበቂያ ሆኖ ነበር። ስንቱ ጥሩ ባለሙያ የሚያውቀውን ይዞት አፈር ገባ! ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሎስ አንጀለስ ስገባ እዚያም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አርብ ማታ በርባንክ ወደምትባል ጎረቤት ከተማ ወሰደኝ። ሪቨርሳይድ ድራይቭ ላይ በ1949 የተሠራ ቦብስ ቢግ ቦይ የሚባል ሃምበርገር ቤት አለ። መኪና ማቆሚያው አርብ ማታ በአሮጌ መኪና ይሞላል። የመግቢያ ቲኬት የለም፣ ዳኛም ሽልማትም የለም። ሰው መኪናውን ነድቶ ይመጣል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ታጣፊ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። በቃ።

አንድ ጥቁር የ1932 ፎርድ ሮድስተር (ቋሚ ጣራ የሌላት መኪና) አጠገብ ቆምኩ። ሞተሩ ያ የድሮው የፎርድ ቪ8 ነው፤ ፍላትሄድ ይሉታል። እንግሊዝኛዬ ገና ስለሆነ የምጠይቀውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ቀድመው ተነሡና «የሚያፈላው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ።

ይህን ነገር ለናንተም ላስረዳ፤ ያምራል። የዚያ ሞተር ቫልቮች፣ ነዳጁን የሚያስገቡትና ጭሱን የሚያስወጡት በሮች፣ ያሉት እንደ ዛሬው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ሳይሆን ብሎኩ (ዋናው የሞተር አካል) ውስጥ ነው። ቴስታታው ዝርግ ክዳን ብቻ ነው። የተቃጠለው ጭስ ለመውጣት ብሎኩን አቋርጦ፣ ማቀዝቀዣው ውሃ በሚዞርበት መሀል ያልፋል። እሳቱ ውሃውን ያሞቀዋል ማለት ነው። መኪናው ቀስ ሲል፣ ነፋስ ሲያንሰው ያፈላል። ሽማግሌው ብሎኩ ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የቀረበት አሸዋ የውሃውን መንገድ እንደሚዘጋ፣ ያን አሸዋ በሽቦ እየቆፈሩ እንዴት እንዳወጡት ነገሩኝ። ከቫልቩ መቀመጫ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄደው ስንጥቅ የት እንደሚጀምር በጣታቸው አሳዩኝ። የመጀመሪያው ብሎካቸው በዚያ ስንጥቅ እንደተበላሸባቸውም አልደበቁም። የካርቡራተሩን ቀዳዳ ቁጥር፣ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ልክ፣ የቱን ሞክረው የቱ እንዳልሠራ፣ ሁሉንም ዘረዘሩት። ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ደብተር ነበር። እሷንም ሰጡኝና «ቅዳው» አሉኝ።

ኮፈኑን መቼ ይዘጉታል ብዬ እጠብቅ ነበር። አልዘጉትም። ሌላ ሰው መጣ፤ ለእሱም ያንኑ ደገሙለት።

ከዚያ ማታ በኋላ መቅረት አልቻልኩም። በርባንክ ቅርብ ስለሆነ አርብ አርብ እዚያ ነኝ። ፖሞና የምትባል ከተማ ደግሞ የዐውደ ርዕይ ሜዳው ላይ የመለዋወጫ ገበያው አለ። ስዋፕ ሚት ይሉታል። ገና ሳይነጋ ነው የሚጀምረው። ሰው ባትሪ መብራት ይዞ በጨለማ ዕቃ ይፈልጋል። ጀርባው ላይ ካርቶን ለጥፎ፣ የሚፈልገውን ዕቃ ጽፎበት የሚዞርም አለ። ስትሮምበርግ 97 ካርቡራተር፣ የ1939 ፎርድ ማርሽ ሣጥን፣ መሪ፣ ራዲያተር፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም መሬት ላይ ተዘርግቷል። መርካቶ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ፖሞና ሲገባ እንግዳ አይሆንም። ዝገቱ፣ ክርክሩ፣ ዕቃውን በእጁ አገላብጦ ዘመኑን የሚናገረው ነጋዴ፣ ሁሉም እዚያም አለ። ፖሞና ላይ የወደድኩት ግን ሻጩ ከዋጋው በፊት «ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ መጠየቁን ነው። የምትሠሩትን ስትነግሩት «ይሄ አይሆንህም፣ ከዚያ ማዶ ካለው ሰውዬ ጋ ሂድ» የሚል ብዙ አጋጥሞኛል።

የ1939 ፎርድ ዕቃ ለምን እንደሚፈለግ መማርም የዚያ ገበያ ትምህርት ነው። ፎርድ እስከ 1938 ፍሬኑን በብረት ዘንግና በገመድ ነበር የሚያሠራው። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን የጀመረው በ1939 ነው። ስለዚህ የ1932 መኪና የሚያፈጥን ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ያን ፍሬን ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጉልበት የሚያወራው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ዛሬ ሞተር የሚያስጨምሩ ልጆች ብዙ አያለሁ፤ ፍሬናቸው ግን የድሮው ነው።

ስለ በረሃው ልንገራችሁ። ኤል ሚራጅ ከሎስ አንጀለስ ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። ገና ሲነጋጋ ትደርሳላችሁ፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ከረፋድ በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም። አቧራው ከጆሮም ከአፍንጫም አይወጣም። መኪኖቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይሮጣሉ፤ ጎን ለጎን አይወዳደሩም። ከቆሙበት ተነሥተው 1.3 ማይል ድረስ ይፈጥናሉ፤ መጨረሻው ላይ ሰዓቱ ይይዛቸዋል። ከዚያ ቁጥሯ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትሰጣለች። የገንዘብ ሽልማት የለም። ሰው ለዚያች ወረቀት ሲል ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ያድራል።

ዩታ ውስጥ ያለው የቦንቪል ጨው ሜዳ ደግሞ ሌላ ነው። ማኅበሩ በ1949 የፍጥነት ሳምንቱን እዚያ ጀመረ። የክብረ ወሰን አያያዛቸውን ሳይ ደንግጬ ነበር። አንድ ጊዜ በመፍጠን ክብረ ወሰን አይያዝም። የድሮውን ቁጥር ያለፈች መኪና ወደተከለለ ቦታ ትወሰዳለች። በማግሥቱ ጧት እንደገና ትሮጣለች። የሁለቱ ሩጫ አማካይ ከድሮው ከበለጠ ነው የሚመዘገበው። ከዚያም ሞተሩ ይከፈታል፤ ዳኞቹ ሲሊንደሩን ይለካሉ፤ በተመዘገበበት ክፍል ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ያ ሁሉ ሲሆን ተፎካካሪውም፣ ወዳጁም፣ እንደ እኔ ያለው መንገደኛም ቆሞ ያያል። የሠራችሁት ሥራ በሰው ፊት ተከፍቶ ካልተለካ እዚያ እንደተሠራ አይቆጠርም።

እንግዲህ «የማውቀውን ካሳየሁ ይሰርቁኛል» የምትሉ አላችሁ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ ሻይ እያመላለስኩ ያደግሁበት ነው። ግን በዚያ ዓለም ስማቸው የቀረው ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ተመልከቱ።

ቪክ ኤደልብሮክ በ1938 ለፎርድ ቪ8 የራሱን ማኒፎልድ፣ ነዳጁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ፣ ሠራ። የሞከረው በገዛ ሮድስተሩ ነበር። በ1941 ሮዛሞንድ ላይ በሰዓት ከ121 ማይል በላይ ሮጠ። ሜዳው ላይ ያየ ሁሉ «ያን ዕቃ ለእኔም ሥራልኝ» አለው። ኩባንያው የተወለደው ከዚያ ነው። ስቱ ሂልቦርን ነዳጅ በግፊት የሚረጭ መሣሪያ ሠርቶ በ1948 በደረቅ ሐይቅ ላይ 150 ማይል በሰዓትን ያለፈ የመጀመሪያው ሆት ሮድ ባለቤት ሆነ። ያ መሣሪያ እስከ ታላቁ የኢንዲያናፖሊስ የመኪና ውድድር ድረስ ሄደ። ኤድ ኢስኬንዴሪያን ደግሞ ከጦርነቱ ሲመለስ የፈለገውን ካምሻፍት ለማሠራት ወረፋው ረዘመበት። ማሽን ገዝቶ ራሱ መሞረድ ጀመረ። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ በ«ያን» ማለቁን አየሁና ልቤ ሞቀ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው አርመን ባዕድ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ ልጆች ያልሰማ ማን አለ?

ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም ልላችሁ አልችልም። በ1949 ሳንታ ባርባራ አጠገብ ጎሌታ ላይ ፍራን ሄርናንዴዝ የሚባል የኤደልብሮክ ሰው ከቶም ኮብስ ጋር ገጥሞ አሸነፈ። ነዳጁ ውስጥ ናይትሮሜቴን የሚባል ጉልበት የሚጨምር ኬሚካል ጨምሮ ነበር፤ ያኔ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ታዲያ ምስጢሩ ስንት ጊዜ ቆየ? ብዙም ሳይቆይ የድራግ ሬስ (አጭርና ቀጥ ባለ መንገድ ሁለት መኪና የሚሽቀዳደምበት ውድድር) ሰው ሁሉ ናይትሮ ያውቅ ነበር። ኤደልብሮክን ያኖረው ያቺ ምስጢር አይደለችም። በግልጽ የሚሸጠው፣ ማንም ፈትቶ ሊያየው የሚችለው፣ ግን እንደ እሱ አጥርቶ የሚሠራው ያልተገኘለት ዕቃ ነው።

በጥር 1948 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ የሆት ሮድ ኤግዚቢሽን ተደረገ። ሆት ሮድ መጽሔትም ያኔ ወጣ፤ ሮበርት ፒተርሰን የመጀመሪያውን እትም ኤግዚቢሽኑ በር ላይ በ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ እነዚህን ልጆች ዱርዬ ነበር የሚላቸው። በሌሊት መንገድ ላይ እየተሽቀዳደሙ ይሞታሉ፣ ይገድላሉም። ስድቡ ከሜዳ የተለቀመ አልነበረም። የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ በ1951 ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር መሠረተ። ከፖሊስ ጋር ተነጋገሩ፣ ሜዳ ጠየቁ፣ የደኅንነት ደንብ ጻፉ። በ1953 ፖሞና ላይ የመጀመሪያው ሕጋዊ ውድድራቸው ተካሄደ። በ1954 አንድ ቡድን በመኪናና በተጎታች አገር ላገር እየዞረ ውድድር እንዴት በሰላም እንደሚደረግ ያስተምር ጀመር። ከተማ ውስጥ በሌሊት የምትሽቀዳደሙ ልጆች ካላችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የሰው ሕይወት ነው። ሜዳ ጠይቁ። እነዚያም ልጆች የጠየቁት ከሚጠሏቸው ሰዎች ነው።

ውጭ አገር ለምትኖሩት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። «ይህ የነሱ ነገር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» የምትሉበት ብዙ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እዚያ ሜዳ ላይ ስገባ ሐበሻ ቀርቶ ጥቁር ሰው ለማየት አንገቴን አስግጌ ነበር። ሁሉም ሰው በፈገግታ ተቀበለኝ አልልም። ፊቱን የሚያዞርም ነበር። ግን ታሪኩን ስትመረምሩት የስደተኛ ልጅ የሌለበት ገጽ የለም። ኢስኬንዴሪያን አርመን ነው። በ1946 በርባንክ ውስጥ ሶካል ስፒድ ሾፕ የሚባለውን የፈጣን መኪና ዕቃ ሱቅ የከፈተው አሌክስ ዚዲያስ የግሪክ ዘር ነው። ከጦር አውሮፕላን ክንፍ ሥር የሚንጠለጠል የነዳጅ ታንክ ቆርጦ የእሽቅድምድም መኪና ያደረገ ሰው ነው። በ1960ዎቹ ሰው ሁሉ ሊያያት የሚጋፋላት የስቶን፣ ዉድስና ኩክ ዊሊስ መኪና ባለቤቶች ፍሬድ ስቶንና ቲም ዉድስ ጥቁሮች ነበሩ፤ ሹፌሩ ዳግ ኩክ ነጭ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ስለ ማልኮም ደርሃም ጠይቁ። የሠፈራችሁ ሰው ነበር፤ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ድራግ ሬሰሮች አንዱ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ቪዳ ኦርን እወቋት። በደረቁ ሐይቅ ላይ ከወንዶቹ ጋር እኩል የሮጠች ሴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ የክለቦቹን ወሬ እየሰበሰበች፣ እያሳተመች ውጊያ ላይ ላሉት ትልክላቸው ነበር። ማን የት እንዳለ፣ የማን መኪና ምን እንደሆነች። ሰዎቹ ከጦርነት ሲመለሱ ማኅበሩ ሳይበተን የጠበቃቸው እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። መፍቻ የያዘ ሁሉ ሲመሰገን እስክሪብቶ የያዘችው ትረሳለች። እኔ ግን የእሷን ሥራ ከማንኛውም ሞተር አላሳንሰውም።

አሁን አሁን ወደ ትልልቆቹ ኤግዚቢሽኖች ስሄድ የማይጥመኝ ነገር አለ። መኪናዋ በገመድ ታጥራለች። ከሥሯ መስታወት ተነጥፏል። በተጎታች መጥታ በተጎታች ትሄዳለች። ባለቤቱን ስለ ካምሻፍቱ ስጠይቀው የሠራለትን ሱቅ ስም ይነግረኛል። ሥራው ጥራት የለውም ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ ቀለም ዓይን ያስፈዝዛል። ግን የሚያስተምረኝ ሰው አጠገቡ የለም። እኔ መስታወቷ ላይ ትንኝ የተለጠፈባትን፣ ነድተዋት የመጡትን መኪና እመርጣለሁ።

የሂሮሃታ መርክን ታሪክ ያወቃችሁ እንደሆነ የምለው ይገባችኋል። ቦብ ሂሮሃታ የጃፓን ዘር ያለው የካሊፎርኒያ ወጣት ነበር። የ1951 መርኩሪ መኪናውን ለመኪና ቀራጩ ለጆርጅ ባሪስ ሰጠና ጣራዋ ዝቅ ተደርጎ፣ ቆርቆሮዋ ከላይ እስከ ታች እንደገና ተቀርጾ ተሠራለት። በዘመኗ ከሷ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚያ ሰው ረሳት። በ1959 አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ500 ዶላር ገዛት። ዕድሜውን ሙሉ አብሯት ኖረ፤ ራሱ አደሳት። በ2022 በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 2 ሚሊዮኑ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ማንም በማይፈልጋት ጊዜ እጁን የሰጣት ልጅ ነው።

የዚያ ትውልድ ሰዎች እያለቁ ነው። ዚዲያስ በ2024 በ102 ዓመታቸው አረፉ። ደብተራቸውን ያስቀዱኝ የበርባንኩ ሽማግሌም ከሞቱ ቆዩ። ቀድቼ የያዝኩት ግን ከሥራ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ ጠቅሞኛል፤ ከእኔም ወደ ሌሎች ልጆች ሄዷል። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነት ቦታ ለመሄድ ነገ ዛሬ አትበሉ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ፖሞና አለላችሁ፤ በርባንክ አለላችሁ። ዲትሮይት አካባቢ ያላችሁ በነሐሴ ወር ዉድዋርድ ጎዳና ላይ ውጡ፤ ከ1995 ጀምሮ፣ ከ2020 በቀር፣ በየዓመቱ መንገዱ በአሮጌ መኪና ይሞላል።

ስትሄዱ በጧት ሂዱ። መኪናውን ሳትጠይቁ አትንኩ፤ የልብስ ቁልፍና የቀበቶ ዘለበት ቀለም ይጭራል። «ስንት ያወጣል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰውየው ወዲያው ይዘጋባችኋል። «ከሁሉም ያስቸገረህ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ወንበር ይስባል። ፎቶ አንሡ፤ ግን ደብተርም ያዙ። ፎቶ የብሎኑን መልክ እንጂ ለምን ያን ያህል እንደጠበቀ አይነግራችሁም። የነገራችሁን ሄዳችሁ ሞክሩትና ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የናንተ መምህር ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁትስ? ሆት ሮድ አያስፈልጋችሁም። ቮልስ አለ፣ ፊያት 600 አለ፣ ላዳ አለ። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ከላሜራና ከብየዳ መለዋወጫ እየፈጠሩ እነዚህን መኪኖች መንገድ ላይ ያቆዩ ማስተሮች ዛሬም በየጋራዡ አሉ። የሠሩትን ማንም አልጻፈላቸውም። የካሊፎርኒያ ልጆች ከጦር አውሮፕላን ታንክ መኪና ሠሩ ብለን የምናደንቅ ከሆነ እነዚህን ሰዎች ማለፍ ነውር ነው።

አንድ እሑድ ጧት ሰፋ ያለ ሜዳ ፈልጉ። ለሚመለከተው አስፈቅዱ። ያላችሁን መኪና ይዛችሁ ውጡ፤ አራት መኪና ቢገኝ ይበቃል። ኮፈኑን ከፍታችሁ አቁሙ፤ ያልሠራላችሁንም ነገር አሳዩ። ከሁሉ በፊት ግን የሠፈራችሁን ሽማግሌ ማስተር ጥሩ። ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጧቸው። ጥላ ያለበት ቦታ ወንበር አቅርቡላቸው፣ ሻይ እናንተ አምጡላቸው። ከዚያ ጠይቋቸው፤ ሲናገሩ አንዳችሁ ጻፉ።